«ብያን»፦ ስለ አንድ የአይሪሽ ስም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አይሪሽ በአየርላንድ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው የሥራ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 1.87 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ቋንቋውን መናገር እንደሚችሉ ቢገልጹም፣ ከትምህርት ቤት ውጭ በየዕለቱ የሚናገሩት 72 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ቋንቋውን መማር የጀመረ ሰውም ሆነ ልጁ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሪሽ የቤት ሥራ ይዞ የሚመጣበት በአየርላንድ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ገና ከጅምሩ የሚጋፈጠው አንድ ስም አለ፤ እርሱም «ብያን» ነው። ትርጉሙ ቀላል፣ እርባታው ግን አስቸጋሪ ነው። እዚህ የአይሪሽ ቃላት የተጻፉት በፊደላችን ድምፃቸውን በተቻለ መጠን በማስጠጋት ስለሆነ፣ «ብያን» የሚለውን አንባቢ «ብ»ን እና «ያ»ን ሳይነጣጥል በአንድ ትንፋሽ ቢያነበው ይመረጣል።

ቃሉ ምን ማለት ነው?

በመጀመሪያ «ሴት» ማለት ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ «ሚስት» ማለት ነው። ሁለቱን የሚለየው ብዙውን ጊዜ ባለቤትነት ነው። ቃሉ ለብቻው ሲቆም ሴትን፣ «የእኔ» ወይም «የእርሱ» የሚል ቃል ሲቀድመው ግን ሚስትን ያመለክታል፤ ስለዚህ «መ ቭያን» ሚስቴ ማለት ነው። ግእዝ ያነበበ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ «ብእሲት» የሚለው ቃልም እንዲሁ ለሴትም ለሚስትም ያገለግላልና። የሁለቱ ቃላት በ«ብ» መጀመር ግን አጋጣሚ እንጂ ዝምድና አይደለም። ጥርጣሬ እንዳይኖር የሚፈልግ ተናጋሪ ወይም የመንግሥት ቅጽ «ብያን ኼለ» የሚለውን ይጠቀማል፤ «ኼለ» የትዳር ጓደኛን የሚያመለክት በመሆኑ ሐረጉ ከሚስት ሌላ ትርጉም የለውም።

በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ቢን» የሚያሰኝ ሆኖ ሳለ ለምን እንዲህ ይነበባል?

ቃሉ የሚጻፈው በቢ፣ በኢ፣ በኤ እና በኤን ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ባቄላን ከሚያመለክተው ቃል ጋር አንድም የፊደል ልዩነት የለውም። ይሁን እንጂ የአይሪሽ አጻጻፍ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የሚታመን ነው። በአይሪሽ እያንዳንዱ ተነባቢ ማለት ይቻላል ሁለት ዓይነት ድምፅ አለው፤ ሰዋስው ጸሐፊዎቹ አንዱን «ሰፊ»፣ ሌላውን «ቀጭን» ይሏቸዋል። ቀጭኑ የሚነገረው ምላስ ወደ ላንቃ ከፍ ብሎ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ «ን»ን እና «ኝ»ን ሲያነጻጽር የሚሰማው ልዩነት ለዚህ ይቀርባል። በ«ብያን» ውስጥ ያለችው ኢ ራሷን የቻለች አናባቢ ሆና የገባች አይደለችም፤ ሥራዋ ከፊቷ ያለው ቢ ቀጭን መሆኑን ማመልከት ብቻ ነው። ያችን ፊደል ያወጣ ሰው «ባን» የሚል ቃል ያገኛል፤ እርሱም የዚሁ ስም ሌላ መልክ ነው። የአንዲት ድምፅ የሌላት ፊደል መኖርና አለመኖር አንዲትን ሴት ከብዙ ሴቶች ይለያል ማለት ነው።

ሙሉ እርባታው እንዴት ነው?

በዛሬው መደበኛ አጻጻፍ ስሙ ሦስት መሠረታዊ መልኮች አሉት። ለነጠላ ቁጥር «ብያን» ይባላል። ለነጠላ አገናዛቢ፣ ማለትም አማርኛ «የሴት» በሚልበት ቦታ፣ «ምና» ይሆናል። ለብዙ ቁጥርም «ምና» ራሱ ያገለግላል፤ ለብዙ ቁጥር አገናዛቢ፣ «የሴቶች» ለማለት፣ «ባን» ይመጣል። ቀድሞ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» ከሚሉት ዓይነት ቃላት በኋላ የሚመጣ «ምኒ» የሚባል አራተኛ መልክ ነበረ፤ ዛሬ በአሮጌ ጽሑፍና በግጥም ካልሆነ በቀር ጀማሪ አያገኘውም።

ተማሪን ግራ የሚያጋባው «ምና» ሁለት ሥራ መያዙ ነው። ይባስ ብሎም ስሙ የታወቀ መሆኑን የሚያመለክተው ቃል ለሴቴ ነጠላ አገናዛቢም ለብዙ ቁጥርም አንድ ዓይነት «ና» ስለሆነ፣ «ና ምና» የሚለው ሐረግ ከዐውዱ ተነጥሎ ቢታይ «የሴትየዋ» ይሁን «ሴቶቹ» ማንም ሊያውቅ አይችልም። የሚለየው ቦታው ነው። «ኮተ ና ምና» ስንል ከሌላ ስም በኋላ ስለመጣ «የሴትየዋ ካፖርት» ማለታችን ነው፤ «ሃኒግ ና ምና» ስንል ግን ከግስ በኋላ ስለመጣ «ሴቶቹ መጡ» ማለታችን ነው። የብዙ ሴቶች ካፖርቶች ቢሆኑ ደግሞ «ኮቲ ና ማን» ይባላል። «ባን» የነበረው ለምን «ማን» እንደሆነ ከዚህ በታች ተገልጿል።

ባለቤቱ ከንብረቱ በኋላ መምጣቱን ልብ ይሏል። አማርኛ «የሴትየዋ ካፖርት» ሲል አይሪሽ በግእዝ መንገድ፣ «ቤተ ክርስቲያን» እና «ንጉሠ ነገሥት» በተሠሩበት ቅደም ተከተል ይሄዳል።

«ብያን» እና «ምና» በእርግጥ አንድ ቃል ናቸው?

አዎ። ብዙ ጀማሪዎች ሁለት የተለያዩ ቃላት አንድ እርባታ ውስጥ የገቡ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር በቋንቋዎች ዘንድ አለ፤ ግእዝ ራሱ የ«ብእሲት»ን ብዙ ቁጥር «አንስት» ሲል ከሌላ ሥር የመጣ ቃል ተውሶ ነው። የአይሪሹ ግን እንዲያ አይደለም። አይሪሽ በተገኘበት በጥንታዊው የኬልት ቋንቋ ነጠላው «ቤና» ሲሆን አገናዛቢው በ«ብ» እና በ«ን» መካከል ምንም አናባቢ የሌለው «ብናስ» ነበር። «ብን» ጎን ለጎን ሲነገሩ የአፍንጫው ድምፅ «ን» ጎረቤቱን ወደ ራሱ ስቦ «ምን» አደረገው። መጨረሻው ሲወድቅ «ምና» ቀረ። ያልተለወጠው «ብ» በነጠላው እና በ«ባን» ውስጥ ስላለ ዝምድናው ዛሬም ሊታይ ይችላል።

የቃሉ ዘመዶች ከአየርላንድ ርቀው ይገኛሉ። በኬልት ቋንቋዎች «ብ» የሆነው ድምፅ በቅድመ አያቱ «ግ» እና «ው» ተጣምረው የሚነገሩበት፣ በእኛ «ጓ» እና «ጕ» ውስጥ ያለውን የሚመስል ነበር። ከዚሁ ሥር የግሪኩ «ጉኔ» ወጣ፤ የሴቶች ሐኪም በከተማ አማርኛ «ጋይኒኮሎጂስት» የሚባለው በእርሱ በኩል ነው። የፋርሱ «ዛን»፣ የሩሲያው «ዤና»፣ እንዲሁም በእንግሊዝኛ ንግሥትን የሚያመለክተው «ክዊን» ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ ለምን ይለዋወጣል?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ተገቢም ነው። አማርኛ ተናጋሪ ቃል በመጨረሻው ሲረባ፣ በመካከሉ ሲላላና ሲጠብቅ ማየት ለምዷል፤ የቃሉ የመጀመሪያ ተነባቢ ራሱ ሲለወጥ ማየት ግን እንግዳ ነገር ነው። በአይሪሽ ሁለት ዋና ለውጦች አሉ።

አንደኛው «ሼቩ» ይባላል፤ ማለስለስ ማለት ነው። በእርሱ ምክንያት «ብ» ወደ «ቭ» ይለወጣል፤ በጽሑፍም ከቢ በኋላ ኤች ትገባለች። በጥንቱ የአይሪሽ ፊደል ሲታተም ኤች አልነበረችም፤ በተነባቢው ራስ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ትቀመጥ ነበር። ሁለተኛው «ኡሩ» ይባላል። ቃሉ ግርዶሽ ማለት ሲሆን ለፀሐይ ግርዶሽም የሚያገለግለው እርሱ ራሱ ነው፤ ስያሜውም የሚገባ ነው፣ ምክንያቱም አዲስ ተነባቢ ፊት ቆሞ የቀድሞውን ይጋርደዋል። «ብ» በ«ም» ይጋረዳል፤ በጽሑፍ ኤም እና ቢ ሁለቱም ይታያሉ፤ በአፍ ግን የሚሰማው «ም» ብቻ ነው። «ብያን» ወደ «ምያን»፣ «ባን» ወደ «ማን» የሚለወጡት በዚህ መንገድ ነው።

ለውጦቹ ጌጥ እንዳልሆኑ ለማየት የባለቤትነት ቃልን መመልከት ይበቃል። በአይሪሽ «የእርሱ»፣ «የእርሷ» እና «የእነርሱ» የሚሉት ሁሉ በአንድ ትንሽ ቃል፣ በ«አ»፣ ይነገራሉ። ማን ባለቤት እንደሆነ የሚያስታውቀው ተከታዩ ስም ነው። «አ ቭያን» ከተባለ የእርሱ ሚስት፣ «አ ብያን» ከተባለ የእርሷ ሚስት፣ «አ ምያን» ከተባለ የእነርሱ የሆነች ሴት ማለት ነው። የመጀመሪያዋን ድምፅ ያበላሸ ሰው የሰው ሚስት ለሌላ ሰው ሰጠ ማለት ስለሆነ፣ መምህራን በዚህ ነጥብ ላይ ቢጨክኑ አይፈረድባቸውም።

ስሙ የታወቀ ሲሆን፣ «ሴትየዋ» ለማለት «አን ቭያን» ይባላል፤ ነጠላ ሴቴ ስም ከ«አን» በኋላ በአብዛኛው ይለሰልሳልና። ወንዴው «ፍያር»፣ ማለትም ሰውዬ፣ በዚሁ ቦታ ምንም ሳይለወጥ «አን ፍያር» ይሆናል። ከመስተዋድድ በኋላ ሲመጣ ደግሞ መደበኛው ቋንቋ «ሴትየዋ ዘንድ» ለማለት «ኤግ አን ምያን» ሲል የሰሜኑ የአልስተር ዘዬ «ኤግ አን ቭያን» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱን መርጦ በእርሱ መጽናት ይሻላል። «ለሴትየዋ» ለማለት ግን መደበኛውም «ደን ቭያን» ይላል። ሴትን ሲጠሩም እንዲሁ ድምፁ ይለሰልሳል፤ በመደበኛ ደብዳቤ «ክብርት ሆይ» በምንልበት ቦታ የሚጻፈው «አ ቭያን ኡሰል» ነው።

ቅጽሉም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። «ሞር» ትልቅ ማለት ነው፤ ከወንዴ ስም በኋላ «ፍያር ሞር» ሲባል ከ«ብያን» በኋላ ግን «ብያን ዎር» ይሆናል። በብዙ ቁጥር «ምና ሞረ» ይባላል።

ጾታው ሴቴ መሆኑ ግልጽ አይደለምን?

ለዚህ ስም ግልጽ ነው፤ ለዘመዶቹ ግን አይደለም። ልጃገረድ ማለት የሆነው «ካሊን» በሰዋስው ወንዴ ነው፤ ምክንያቱም ማሳነሻ የሆነው «ኢን» የሚለው ቅጥያ እዚህ ቃሉን በወንዴ ጎራ አስገብቶታል። ስለዚህ ከ«አን» በኋላ ድምፁ አይለሰልስም፤ ሆኖም ስለ ልጅቱ በተውላጠ ስም ሲነገር «እርሷ» ነው የሚባለው። ሰዋስው ያለው ሌላ፣ ሰው የሚያየው ሌላ የሆነበት ቦታ ይህ ነው።

ሴቶች እንዴት ይቆጠራሉ?

አይሪሽ ሰውን የሚቆጥረው ዕቃን በሚቆጥርበት ቁጥር አይደለም። ከሁለት እስከ ዐሥር ለሰዎች የተለዩ የቁጥር ስሞች አሉ፤ ከእነርሱም በኋላ ስማችን በብዙ ቁጥር አገናዛቢ መልኩ ይመጣል። ሁለት ሴቶች «ቤርች ዋን»፣ ሦስት ሴቶች «ትሩር ባን»፣ አራት ሴቶች «ካህረር ባን» ናቸው። በሁለቱ ብቻ «ባን» ለስልሶ «ዋን» ሆኗል። ሃያ ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጥና «ፊሀ ብያን» ይባላል፤ ስሙ ነጠላ ሆኖ ይቀራል፤ እኛም «ሃያ ሰው መጣ» ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው።

በመጸዳጃ ቤት በር ላይ የሚታየው ይኸው ቃል ነው?

ነው፤ የውጭ እንግዶችንም የሚያሳስት ነው። በአየርላንድ በብዙ መጠጥ ቤቶችና የሕዝብ ቦታዎች አንዱ በር «ምና»፣ ሌላው «ፊር» ይላል። «ምና» በኤም፣ «ፊር» በኤፍ ስለሚጀምሩ፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ኤም ያለበትን የወንዶች፣ ኤፍ ያለበትን የሴቶች አድርጎ ይገምታል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ «ምና» ሴቶች፣ «ፊር» ወንዶች ናቸው።

«ባንሺ» የሚባለው መንፈስ ከዚህ ቃል ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል። «ባንሺ» በእንግሊዝኛ ጆሮ የተሰማ «ብያን ሺ» ነው። «ሺ» በጥንት ትረካ የማይታዩት ፍጡራን የሚኖሩበት ጉብታ ነው፤ ስለዚህ ስሙ «የጉብታዋ ሴት» ማለት ይሆናል። በአፈ ታሪክ ይህች ሴት ማንንም አትገድልም፤ በአንዳንድ የቆዩ ቤተሰቦች ሰው ሊሞት ሲል ሌሊት ታለቅሳለች እንጂ። ፊልሞች ጭራቅ ያደረጓት ያለ አግባብ ነው።

እንዲህ ያሉ በ«ብያን» የሚጀምሩ ሐረጎች ብዙ ናቸው፤ የድሮው ገጠር ሴት የነበራትን ሥራም ያሳያሉ። «ብያን ግሉኘ» ቃል በቃል «የጉልበት ሴት» ስትሆን አዋላጅ ናት። «ብያን ፍያሰ» የዕውቀት ሴት፣ መድኃኒትና ምሥጢር አዋቂ ናት። «ብያን ኺንቸ» በለቅሶ ቤት ሬሳ አጠገብ ቆማ ሟችን በግጥም የምታወድስና ሌላውን የምታስለቅስ ሴት ናት፤ እኛ ሙሾ አውራጅ የምንላት ማለት ነው፤ ልማዱ በአየርላንድ ቀስ በቀስ ጠፍቷል። «ብያን ሪያልተ» መነኩሲት ናት።

ዛሬ በብዛት የሚሰማው «ብያን አን ቺ» ነው፤ «የቤቱ ሴት» ማለት ሲሆን አሠራሩ ከእኛ «እመቤት» ጋር አንድ ነው፤ ያም በግእዝ «የቤት እናት» ነውና። ወጣቶች በበጋ ቋንቋውን ለመማር አይሪሽ ወደሚነገርባቸው መንደሮች ሲሄዱ የምታሳድራቸውና የምታበላቸው ሴት በዚህ ስም ትጠራለች። አንድ ሰዋስዋዊ ነጥብ እዚህ አለ፦ ሐረጉ «የቤቱ» በሚለው ስለታወቀ ፊቱ ላይ ሌላ «አን» አይጨመርም፤ «አን ቭያን አን ቺ» ማለት ስሕተት ነው።

«ና ማን» የሚለው በስንት ስሞች ውስጥ ይገኛል?

ታዋቂዎቹ ሁለት ናቸው። «ኩመን ና ማን»፣ የሴቶች ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1914 በደብሊን የተመሠረተ የነጻነት ትግል ድርጅት ሲሆን፣ አባላቱ በ1916 የፋሲካ አመፅ ተሳትፈዋል። «ሽሊየው ና ማን» ደግሞ በቲፐራሪ የሚገኝ 721 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ትርጉሙም የሴቶች ተራራ ነው። ስያሜውን አፈ ታሪክ ሲያስረዳ፣ ጀግናው ፊን ማክ ኩል ከጫፉ ላይ ተቀምጦ ሊያገቡት የሚፈልጉ ሴቶች ሽቅብ እንዲሽቀዳደሙ አደረገ ይላል። በእንግሊዝኛ ካርታ ስሙ «ስሊቭናሞን» ተብሎ ስለተጨመቀ ሴቶቹ ጠፍተዋል።

በሁለቱም ስሞች አጻጻፍ ላይ ዐይን የሚስብ ነገር አለ፤ የምትጋርደው ኤም ትንሽ፣ የተጋረደችው ቢ ትልቅ ፊደል ሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ። አቢይ ፊደል የሚገባው ለስሙ እንጂ ለለውጡ ስላልሆነ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ አጻጻፍ በአውሮፓ የለም፤ የሚነገረውንም የነበረውንም አንድ ላይ ያሳያልና።

«ምና» በሚለው መልክ የሚታወቀው ሐረግ «ምና ና ሄረን»፣ የአየርላንድ ሴቶች፣ ነው። ሜሪ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1990 የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ባደረጉት ንግግር በእንግሊዝኛው መካከል ይህን ሐረግ በአይሪሽ ተናግረው ሴት መራጮችን አመስግነዋል። የአገሪቱ ስም «ኤረ» ሲሆን፣ በአገናዛቢ «ኤረን» ሆኖ ከ«ና» በኋላ በአናባቢ ስለጀመረ «ህ» ተጨምሮለታል።

ያገባች ሴት ስም ውስጥ ቃሉ እንዴት ይገባል?

ወንዱ «ኦ ብሪየን» ቢባል ሚስቱ፣ የባሏን ስም ከወሰደች፣ «ብያን ኢ ቭሪየን» ትባላለች፤ የኦ ብሪየን ሚስት ማለት ነው። በዕለት ተዕለት አጠቃቀም «ብያን» ይጣልና «ኢ ቭሪየን» ብቻ ይቀራል። ሴት ልጁ ግን «ኒ ቭሪየን» ናት፤ «ኒ» «ሴት ልጅ» ከሚለው ቃል ያጠረ ነው። ስለዚህ የአይሪሽ ስም ከተጠቀመች፣ ከመጠሪያዋ ብቻ የአባቷን ወይስ የባሏን ስም እንደያዘች ማወቅ ይቻላል። ሴት ስታገባ ስሟን በማትለውጥበት አገር ላደገ ሰው ይህ ዝርዝር ብዙ ነው፤ በደብሊን የመምህራንን ስም በልጁ ደብተር ላይ ሲያነብ ግን ይጠቅመዋል።

«ባን» እንደ ቅድመ ቅጥያ ያገለግላል?

ያገለግላል፤ ንግሥት «ባንሪን» ናት። ከሥራ ስሞች ግን እየተለቀቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሴቶች ወደ አየርላንድ ፖሊስ ሲገቡ ከወንዶቹ ተለይተው በ«ባን» የሚጀምር መጠሪያ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ዛሬ ወንዱም ሴቷም «ጋርዳ» ናቸው። ነርስም «ባናልትረ» ይባል የነበረው አሁን በአብዛኛው «አልትረ» ነው።

አነባበቡ በየአካባቢው ይለያያል?

በአንድ ነገር በጣም ይለያያል። በደቡቡ የሙንስተር ዘዬ «ምና» እንደተጻፈው ይነበባል፤ በምዕራቡ የኮኖት እና በአልስተር ዘዬዎች ግን ከ«ም» በኋላ ያለው «ን» ወደ «ር» ስለሚለወጥ «ምራ» ይባላል። የጽሑፉ ለውጥ የለም። መምህሩ «ምራ» ሲል የሰማ ተማሪ የተሳሳተ መጽሐፍ የያዘ ሊመስለው አይገባም።

ቃሉን በመዝገበ ቃላት ስፈልግ የማጣው ለምንድን ነው?

መዝገበ ቃላት የሚያስገባው ያልተለወጠውን መልክ ስለሆነ ነው። በቢ እና በኤች የሚጀምር ቃል ሲያጋጥም ኤችን፣ በኤም እና በቢ የሚጀምር ሲያጋጥም ኤምን አውጥቶ መፈለግ ያስፈልጋል። «ምና» የሚለው ደግሞ ፍቺውን ለማግኘት ወደ «ብያን» መመለስ አለበት። የአይሪሽ ቋንቋ አካል የሆነው ፎረስ ና ጌልገ የሚያስተዳድረው «ቲያንግላን» የተባለ ነጻ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት የስሙን እርባታ በሙሉ በሰንጠረዥ ያሳያል፤ የሦስቱን ዘዬዎች አነባበብም በድምፅ ያሰማል። «ብያን»ን እና «ባን»ን በተከታታይ ከፍቶ ማድመጥ የቀጭኑንና የሰፊውን «ብ» ልዩነት ከማንኛውም ጽሑፍ ፈጥኖ ያስረዳል።